ሰሙ ሲወጣ፣ መዳቡ ሲገባ

በአዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ ጋር ተያይዞ ባምቢስ የሚባል ሠፈር ይገኛል። ባምቢስ የአማርኛ ቃል አይደለም፤ ካራላምቦስ የሚል የክርስትና ስም ያለው ግሪካዊ በቤተ ሰቡና በወዳጆቹ ዘንድ በቍልምጫ የሚጠራበት አጠራር ነው። የግሪክ ተወላጆች በአዲስ አበባ ንግድ ውስጥ ሰፊ ቦታ በያዙበት ዘመን ይኸው የቍልምጫ ስም የአንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር መጠሪያ ሆነ። ከመደብሩ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ሠፈሩ ተሻገረ። ዛሬ «ባምቢስ ወራጅ አለ» የሚለው ተሳፋሪ አንድን የግሪክ ሰው በቤት ስሙ እየጠራ መሆኑ ትዝ አይለውም። ትዝ ሊለውም አይገባም፤ ስሙ ከእንግዲህ የተሳፋሪው ሆኗልና።

ጎረቤቱ ካዛንቺስ ከዚህ የከረረ ታሪክ አለው። ፋሺስት ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በኃይል ይዛ በቆየችበት ጊዜ ለመንግሥቷ ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው ተቋም በምሕጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት እንግዲህ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ወራሪው ተባረረ፤ ቤቶቹ ቀሩ፤ በቤቶቹም ውስጥ ሌላ ሕዝብ ገባ። ቃሉም የቤቶቹ ዕጣ ደረሰው። ድምፁ እንደ ነበረ ሲቀር፣ በውስጡ የነበረው የቅኝ ገዢ ትርጉም ጠብታ በጠብታ ተንጠፍጥፎ አልቆ፣ በምትኩ አዝማሪ ቤቱ፣ ጠባቡ የቀበሌ ቤት፣ የጓሮው ቡና፣ ዕድሩና ጎረቤቱ ገባበት። ካዛንቺስ ሲባል የሮማ ሹም በዐይነ ኅሊናው የሚመጣበት የአዲስ አበባ ልጅ ይኖራልን?

ቅርጹ ሳይናወጥ ውስጡ የሚለወጥ ነገር በቋንቋ ብቻ የሚታይ አይደለም። በከርሰ ምድርም አለ፤ በዚያም የሚታየው እጅግ ግልጽ ሆኖ፣ በእጅ ሊዳሰስ እስኪችል ድረስ ነው።

በደቡብ አሜሪካ፣ በቦሊቪያ ደጋማ ሜዳ ላይ ኮሮኮሮ የሚባል ጥንታዊ የመዳብ ማውጫ ይገኛል። ከዚያ የተገኙና በዓለም ቤተ መዘክሮች ውስጥ በክብር የሚቀመጡ አንዳንድ የመዳብ ቍርጥራጮች ተመልካችን ግራ ያጋባሉ። መዳብ ማንም ሳያቀልጠው በተፈጥሮው ንጡር ሆኖ ሲገኝ፣ እንደ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ ወይም እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ ወይም ቅርጽ እንደሌለው ጓል የተድበለበለ ነው። የራሱን ክሪስታል ሲሠራም ወደ ኩብ ያዘነብላል። የኮሮኮሮዎቹ ግን ባለ ስድስት ጎን አጫጭር ምሰሶዎች ይመስላሉ፤ ይህም የመዳብ ሳይሆን አራጎናይት የተባለው ማዕድን ቅርጽ ነው። አራጎናይት ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ንጥረ ነገር ያለው፣ በቢላዋ የሚጫር ማዕድን ነው። በአንድ ወቅት በዚያ ስፍራ አራጎናይት በቅሎ ነበር፤ ኋላ መዳብ መጥቶ ቦታውን ወሰደ፤ ቅርጹን ግን አላፈረሰም። ሊቃውንቱ ለዚህ ክስተት ከግሪክኛ ቃላት አጣምረው ሱዶሞርፍ የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ፍቺውም «ሐሰተኛ ቅርጽ» ማለት ነው። ስሙ ፍርደ ገምድል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መዳቡ መዳብ ነው፤ ቅርጹም በእውነት አንድ ጊዜ የኖረ ቅርጽ ነው፤ ሐሰቱ ከወዴት መጣ?

አሠራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። መዳብ የተሟሟበት ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ እየሰረገ ያልፋል። ሲያልፍ ከነባሩ ማዕድን ጥቂት ያሟሟል፤ በዚያው በጎደለው ስፍራ ጥቂት መዳብ ይጥላል። ይህ ለዐይን በማይታይ መጠን ለረጅም ዘመን ሲደጋገም፣ ነባሩ አልቆ መጤው ይሞላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ብርቱ ሁኔታ አለ። ቅርጹ የሚተርፈው አሮጌው የሚሟሟበትና አዲሱ የሚጣልበት ፍጥነት የተመጣጠነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። አሮጌው ከአዲሱ ቀድሞ ከሟሟ የሚቀረው ባዶ ጎድጓዳ ነው። ጎድጓዳው ሳይደረመስ ከቈየ በኋላ የሚመጣው ማዕድን ምናልባት ሊሞላው ይችላል፤ ከተደረመሰ ግን የመጣው መዳብ ሁሉ የሚይዘው መልክ አያገኝም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለውን ሌላ ነገር ኬሚስትሪ የሚያስተምር መምህር ሁሉ ያውቀዋል። በሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ የብረት ምስማር ሲነከር ምስማሩ ወዲያው ቀይ መዳብ ይለብሳል። ቻይናውያን በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ11ኛው ምዕት ዓመት፣ መዳብ ካለበት የምንጭ ውሃ በዚሁ ዘዴ መዳብ ያወጡ ነበር። በአውሮፓም ብረትን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ዕድሜያቸውን የፈጁ ጠቢባን ይህን አይተው «እነሆ፣ አንዱ ማዕድን ሌላ ሆነ» በማለት ተደስተዋል። ደስታቸው ከንቱ ነበር። ብረቱ መዳብ አልሆነም። ብረቱ ሟሙቶ ወደ ውሃው ገብቷል፤ በውሃ ውስጥ የነበረው መዳብ ደግሞ ወጥቶ ቦታውን ይዟል። መለወጥና መተካት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመለወጥ ነባሩ በሌላ ሁኔታ ይኖራል፤ በመተካት ግን ነባሩ ሄዷል፤ ወዴት እንደ ሄደም የሚጠይቅ ያስፈልገዋል።

የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ይህን ነገር ከማዕድን ሊቃውንት ብዙ ቀድሞ ያወቀው ይመስላል፤ ያወቀውም በአንጥረኛው በኩል ነው። አንጥረኛ መስቀል ወይም የጣት ቀለበት በቀልጦ ፈሰስ ሊሠራ ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያግለዋል። ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ የቀለጠው ወርቅ፣ ብር ወይም ናስ ይፈስሳል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበርና ሰሙ የነበረበት ቅርጽ በወርቅ ይገኛል። ሰምና ወርቅ የሚለው የቅኔ ስያሜ ከዚህ የተወሰደ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ይሰማል። ነገር ግን በመማሪያ ክፍል ብዙ ጊዜ ሰሙ እንደ ቅርፊት፣ ወርቁ ደግሞ በቅርፊቱ ውስጥ እንደ ተሸሸገ ፍሬ ሆኖ ይተረጐማል። ወደ አንጥረኛው ደጅ ጎራ ብሎ ያየ ሰው በዚህ አይስማማም። በወናፉ አጠገብ ሰምና ወርቅ አብረው የሚገኙበት አንዲት ቅጽበት የለችም። ወርቁ የሚመጣው ሰሙ ከሄደ በኋላ ነው፤ የሚያገናኛቸውም ሰሙ ትቶት የሄደው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። የቅኔው ተአምር ሌላ ነው፦ በአንጥረኛው ዘንድ ተከታትለው የሚመጡትን ሁለቱን ባለ ቅኔው በአንድ ቃል ውስጥ ባንድ ጊዜ ያኖራቸዋል።

የአገሪቱ ከፍተኛ የቃል ጥበብ ስሙን የተዋሰው ከአንጥረኛው ሆኖ ሳለ፣ ያ አንጥረኛ በኅብረተሰቡ ውስጥ የነበረው ቦታ ምን ነበር? ለዚህ ጥያቄ አንድ ቃል ብቻውን በቂ ምስክር ነው። በግዕዝ ጠቢብ ማለት ጥበብ ያለው፣ ብልህ፣ የእጅ ሥራ ዐዋቂ ማለት ነው። ይህ ቃል በአማርኛ አፍ ሲላላ ጠይብ ሆነ። ድምፁ ብዙም አልራቀም፤ ውስጡ ግን ተሟጥጦ ወጣ። ጠይብ ማለት ቡዳ፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚዞር፣ ዐይኑ የሚበላ፣ ልጁን ለልጅ የማይሰጡት ሰው ማለት ሆነ። በብዙ ስፍራም ርስት የማይደርሰው ሰው ነበር። የገበሬው ማረሻ፣ የወታደሩ ጦር፣ የካህኑ መስቀል ከእርሱ እጅ እየወጣ፣ እርሱ ግን ከማኅበርተኞቹ ጋር በአንድ ጽዋ እንዳይጠጣ ተደረገ። በጎንደር አካባቢ ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በሃይማኖታቸው ላይ ይህም ስድብ ተደርቦባቸዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ዐዋጅ አፍን ሊያዘጋ ይችላል፤ በቃል ውስጥ ለብዙ ምዕት ዓመታት የተጣለውን ዝቃጭ ግን በአንድ ቀን አያጥበውም። ርስት ለሌለው ባለ እጅ መሬት የመያዝ መብት በሕግ የተረጋገጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው።

መዳብ በዚህች አገር የሌላውን ቦታ መያዝ የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1ኛው ምዕት ዓመት የተጻፈው፣ ደራሲው ያልታወቀ የኤርትራ ባሕር የጉዞ መግለጫ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ናስን ይቈጥራል። የአገሩ ሰዎች ለጌጥ እንደሚያደርጉት፣ እየቈረጡም በገንዘብ ፈንታ እንደሚገበያዩበት ይናገራል። ለስላሳ የመዳብ ሉህም ይገባ ነበር፤ ከእርሱም የማብሰያ ዕቃ፣ የሴቶች አምባርና አልቦ ይሠራ ነበር። «በገንዘብ ፈንታ» የሚለው ሐሳብ ሊጤን ይገባዋል። ገንዘቡ ገና ሳይመጣ ቦታው ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። ሁለት ምዕት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ3ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር የራሱን ገንዘብ አስመታ፤ ተከታዩ አፊላስ የመዳቡን ጨመረ።

የአክሱም ገንዘብ ራሱ የመተካት ትምህርት ቤት ነው። በዔዛና ዘመን፣ በ4ኛው ምዕት ዓመት፣ በሳንቲሙ አናት ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ተነሥተው መስቀል ገባ። ከዚያ በቀር የንጉሡ ምስል እንደ ነበረ፣ ምስሉን ከግራና ከቀኝ ያቀፉት የእህል ዛላዎችም እንደ ነበሩ ቀሩ። ቅርጹ ከሩቅ ያው ነው፤ አንድ ነጥብ ላይ ግን ሃይማኖት ተለውጧል። ወርቁ በግሪክኛ ተጽፎ ወደ ባሕር ማዶ ንግድ ሲሄድ፣ በአገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው መዳብ ከጊዜ በኋላ ግዕዝ ተናጋሪ ሆነ። በአንዳንድ የመዳብ ሳንቲሞች ላይ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ይነበባል። በወርቁ ላይ ያልተጻፈ በመዳቡ ላይ መጻፉ በአጋጣሚ አይመስልም፤ አገሩ የሚይዘው መዳቡን ነበርና። ከዚህም በላይ የአክሱም ባለ እጆች በሌላው ዓለም ገንዘብ እምብዛም የማይታይ ነገር አድርገዋል፤ በመዳቡ ሳንቲም ላይ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ጥቂት ወርቅ ለብጠዋል። በጥቂት ሳንቲም ዋጋ የሚገዛ ድኻ ወርቅ በእጁ ይዞ ገበያ ወጣ ማለት ነው።

ይህ ገንዘብ በ7ኛው ምዕት ዓመት ቆመ። በገበያ ውስጥ የእርሱን ቦታ በብዛት የወሰደው ሌላ ማዕድን ነው፤ ከአፋር በረሓ እየተቈረጠ የሚመጣው አሞሌ ጨው። በ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ አስተውሏል። ጨውን ደግሞ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር ተጋፋው። በዚህ ብር ላይ አንድ ነገር ይታወስ፦ ከ6 እጅ 5 እጁ ብር ሲሆን 1 እጁ መዳብ ነው። አንጥረኛው ብሩን አቅልጦ የአንገት መስቀል፣ የጆሮ ጉትቻ፣ ድሪ ሲሠራ መዳቡም አብሮ ይገባል። የቪየና ንግሥት ምስል ጠፍቶ የሸዋ ወይም የትግራይ ሙሽራ ጌጥ ይወጣል።

በኋለኛው ዘመን የተመቱት ሳንቲሞች ታሪክ አጭር ቢሆንም አንዱ ሊዘለል አይገባውም። የ1936 ዓ.ም. ጽሑፍ ያለባቸው ሳንቲሞች ሲሠሩ 25 ሳንቲሙ ከመዳብ፣ 50 ሳንቲሙ ከብር ነበር። ሁለቱ ግን በመጠንና በመልክ ይመሳሰሉ ስለ ነበር መዳቡ በብሩ ቦታ እንዳይሻገር ተሠጋ። ክቡ 25 ሳንቲም ከገበያ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል እየተከረከመ ተመለሰ። መዳቡ የሌላውን ቅርጽ እንዳይወስድ ቅርጹ በመቀስ ተነጠቀ እንደ ማለት ነው። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ የአንበሳ ራስ ያለባቸው ሳንቲሞች መጡ፤ 5ቱና 10ሩ ሳንቲም ከናስ ነበሩ። በኋላ በተመቱት ግን ናሱ ቅብ ሆኖ ቀረ፤ ውስጣቸው ብረት ነው። አንበሳው ያው አንበሳ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ማግኔት ብቻ ነው።

የናስ ሌላ ጉዞ ደግሞ አለ። የጥይት ቀለህ ከ10 እጅ 7 እጁ ያህል መዳብ፣ የቀረው ዚንክ ነው። በአገሪቱ ከተደረጉት ጦርነቶች በኋላ ባዶ ቀለህ በየሜዳው ተበትኖ ቀርቷል። ገበሬው ከማሳው ለቅሞ ይሸጠዋል፤ ባለ እጁ አቅልጦ ጨሌ፣ ቀለበትና መስቀል ያደርገዋል። በእንጦጦ ግርጌ ይህን ሥራ የሚሠሩ አሉ። ማንን እንደ ገደለ ቀለሁ አይናገርም፤ ሰሙ ወጥቶ ያዘጋጀለትን ቅርጽ ይይዛል።

ወደ ካዛንቺስ ሲመለሱ፣ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ከአሮጌዎቹ የሠፈሩ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ከተማ መታደስ የለበትም የሚል አስተዋይ አይኖርም፤ በጠባቡ ጓሮ ውስጥ የነበረው ጭስና የጣሪያ ፍሳሽ በሩቅ ሆኖ ካልሆነ በቀር የሚናፈቅ አይደለም። ነገር ግን የከርሰ ምድሩ ሕግ እዚህም ይጠየቃል። የጣልያኑ ቤት የኢትዮጵያዊ ቤት የሆነው አንድ ቤተ ሰብ ወጥቶ ሌላው እየገባ፣ አጥሩ እየተጠገነ፣ በሩ እየተቀየረ፣ ዕድሩ ሳይበተን በዐሥርት ዓመታት ውስጥ ነው። የመሟሟቱና የመጣሉ ሚዛን የተጠበቀ ስለ ነበር ቅርጹ አልጠፋም። ነዋሪው ሁሉ ባንድ ወቅት ከተነሣና አዲሱ ነዋሪ ገና ካልገባ ግን፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ የባዶው ጎድጓዳ ጊዜ ነው። ዕድሩ ስንት ቦታ ተበተነ? ቀባሪው ከየት ይመጣል? አዝማሪው ግጥም የሚቀበልለትን ሰው በየትኛው ኮንዶሚኒየም ያገኘዋል? ስሙ እንደ ሆነ ይተርፋል፤ ጣልያንን ያሳለፈ ስም ነው። በስሙ ውስጥ ምን እንደሚጣልበት የሚወስኑት ግን ሐውልት ሠሪዎች ብቻ ሳይሆኑ፣ በየጊዜው የሚገቡት ሰዎች፣ የሚያስተምሩት መምህራንና የሚዘፍኑት ዘፋኞች ናቸው።

በመጨረሻ ስለ አክሱም የመዳብ ሳንቲም አንድ ነገር ይቀራል። ከመሬት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ አይመስልም። ከ1,000 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሲቈይ፣ ሰው ከድንጋይ አቅልጦ ያወጣው ማዕድን ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ከመዳቡ አጠገብ ኩፕራይት የተባለው ቀይ ማዕድን ይፈጠራል፤ ከበላዩ አረንጓዴው ማላካይት ይደርባል። ዝገቱ በጠና ጊዜ በመካከሉ አንዳች ንጡር መዳብ ላይቀር ይችላል። የተለበጠው ወርቅ ብቻ አይለወጥም፤ በአረንጓዴው መካከል እንደ ቀድሞው ያበራል። ልምድ የሌለው ሰው ይህን ሲያይ ዝገቱን በአሲድ አጥቦ ወደ ንጹሑ መዳብ ለመድረስ ይቸኵላል። የጥንት ቅርስ ጠጋኞች ግን እጁን ይይዙታል። የንጉሡ ምስልና የግዕዙ ፊደል ያለበት የቀድሞው ገጽ ከዝገቱ በታች ባለው መዳብ ላይ አይገኝም፤ መዳቡ ሲበላ ገጹ በዝገቱ ንብርብር ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ በአጉሊ መነጽር እያዩ፣ በቀጭን መሣሪያ የላይኛውን ቅርፊት ብቻ ጥቂት በጥቂት ያነሡና፣ ፊደሉ በታየበት ንብርብር ላይ እጃቸውን ያቆማሉ።